የማንጎው ደዋር

ሙሐረም የረጋ ሰው ነው። ዐረብ አገር፣ ጂዛን አውራጃ አሥር ዓመት ሲኖር ከማንም ጋር ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲነጋገር የሰማው የለም። ምራቁን የዋጠ፣ አሥር ሰምቶ አንድ የሚመልስ ሰው ነው። ደሙን የሚያፈላው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ደዋር ውስጥ መስመሩን ስቶ የሚገባ አሽከርካሪ። እኛ አገር አደባባይ የምንለውን እዚህ ሐበሻውም ዐረቡም ደዋር ነው የሚለው። ሰው በተሳሳተ መስመር ሲገባ ካየ ያ ዝምተኛ ሰውዬ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ በወሎ አማርኛና በጂዛን ዐረብኛ እያፈራረቀ፣ የሰውዬውን መንጃ ፈቃድ ማን እንደሰጠው ይጠይቃል።

ነገሩ ዝም ብሎ የመጣ ጠባይ አይደለም። ኮምቦልቻ ሳለ ስድስት ዓመት ባጃጅ ነድቷል። የባጃጅ ነጂ ሕጉ አንድ ነው፤ ቀኝህን ያዝ። ተሳቢው በግራ እያጓራ ያልፋል፣ አይሱዙው ያልፋል፣ ባጃጁ ግን ጠርዝ ጠርዙን ታክኮ ይሄዳል። አደባባይ ቢደርስም ጠርዝ ነው፣ ወደ ግራ ቢዞርም ጠርዝ ነው፣ ወደመጣበት ቢመለስም ያው ጠርዝ ነው። ሙሐረም ይህን ልማድ በእጁና በእግሩ ይዞ ጂዛን መጣና ሩኽሳ፣ ማለትም መንጃ ፈቃድ፣ ሊያወጣ ለፈተና ቀረበ። ወደ ግራ ታጠፍ አሉት። ደዋሩን በውጭው መስመር ዞሮ ወደ ግራ ወጣ። ወደቀ። ከወር በኋላ ተመልሶ መጣ፣ ያንኑ አደረገ፣ ደግሞ ወደቀ። ፈታኙ ሆዱን ይዞ እየሳቀ «አንተ ሰውዬ፣ ከመንገዱ ጠርዝ ጋር ተጋብተሃል እንዴ?» አለው። ሙሐረም ያን ሳቅ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ከዚያ በኋላ ነገሩን እንደ ትምህርት ያዘው። ዳማድ ከተማ ረይሃና የምትባል የወሎ ሐይቅ ሴት ትንሽ ምግብ ቤት አለቻት። ሐበሻ ሁሉ ዓርብ ዓርብ እዚያ ነው የሚሰበሰበው። ሙሐረም ከምሳ በኋላ የድስት ክዳን ጠረጴዛው መሃል ይደፋና ዙሪያውን የለስላሳ ቆርኪ ይደረድራል። ክዳኑ ደዋር ነው፣ ቆርኪዎቹ መኪና ናቸው። ለፈተና የሚዘጋጁት ከበው ይቀመጣሉ።

«ወደ ቀኝ የሚታጠፍ የቀኙን መስመር ይይዛል» ይላል ቆርኪውን እየገፋ። «ቀጥ ብሎ የሚሄድ በሁለቱም መግባት ይችላል። ወደ ግራ የሚታጠፍ፣ ወደመጣበት የሚመለስ ግን ገና ሳይገባ የግራውን፣ የውስጡን መስመር መያዝ አለበት። በቀኝ ገብቶ ወደ ግራ የሚዞር ሰው፣ ውስጥ ሆኖ ቀጥ ሊወጣ ያለውን ወንድሙን መንገድ ይዘጋበታል። መውጫህን ሳታውቅ አትግባ። ኸላስ።»

ይችን «መውጫህን ሳታውቅ አትግባ» የምትባል ነገር በየሳምንቱ ስለሚደጋግማት ረይሃና ከማዕድ ቤት ሆና ቀድማው ትጨርሳታለች። ተማሪዎቹም የደዋር ኡስታዝ ብለው ስም አወጡለት። ሲቀልዱ ነበር፣ ኋላ ግን ስሙ ሆኖ ቀረ። ከእነዚያ ቆርኪዎች ተምረው አሥራ ሰባት ሰዎች ሩኽሳ አውጥተዋል። የመጨረሻው ከመቄት የመጣው ሞላልኝ ነው፤ በአንደኛው ፈተና አልፎ፣ አሁን ለአንድ ገበሬ ፒካፕ እየነዳ የከብት ሣር ያመላልሳል።

ዘንድሮ ደግሞ የዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ፍሬ ሊታይ ሆነ።

ሙሐረም ሚስት አለችው፤ ዝናሽ ትባላለች። ከተጋቡ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። አራት ዓመት ይባል እንጂ በአንድ ጣሪያ ሥር ያደሩበት ሌሊት ቢቆጠር ሁለት ወር አይሞላም። እሷ ላይ ተራራው ላይ፣ አድ-ዳኢር፣ በእርከን ላይ ቡና የሚያለማ ቤተሰብ ዘንድ የቤት ሠራተኛ ናት። እሱ ታች ሜዳው ላይ የአቡ ሱልጣን ቤት ሹፌር ነው። መንገዱ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። ፈቃድ የሚያገኙት ግን ለዒድና ሰው ሲሞት ብቻ ነው። አገር አቋርጠው አንድ አገር መጥተው በስልክ የሚኖሩ ባልና ሚስት ናቸው።

ታዲያ ጂዛን ከተማ ያለ አንድ ትምህርት ቤት የአውቶቡስ ሹፌርና ተማሪዎቹን የምትቀበል ሴት ፈለገ። ባልና ሚስት ቢሆኑ ይመረጣል፣ ከግቢው ጀርባ ክፍል አለ ተባለ። ሙሐረም ሄዶ ታየ፤ ተወደደ። ሁለት ነገር ብቻ ይዘህ እሑድ ና አሉት። አንደኛው የከፊሉ፣ የአሠሪው ፈቃድ ነው። ሁለተኛው በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ጥፋት እንዳልተመዘገበበት የሚያሳይ ወረቀት ነው። የሕፃናት አውቶቡስ ነውና በዚህ ድርድር የለም፤ ጥፋት ያለበት ሹፌር ደጁን አይረግጥም።

ሙሐረም እንኳን የሦስት የአሥር ዓመት ንጹሕ ወረቀት አለው። አቡ ሱልጣንም «እሑድ እፈርምልሃለሁ፣ ኢንሻአላህ» ብሎታል። ክፍሉን ሊያይ የሄደ ዕለት ሙሐረም መስኮቱን በስንዝሩ ለክቶ ለዝናሽ ደውሎ ነገራት፤ ወርዱ ስድስት ስንዝር፣ ቁመቱ አምስት ስንዝር ከአራት ጣት። እሷም በዚያው ሳምንት መጋረጃ ገዛች። ገና ያላየችው ቤት መጋረጃ።

አቡ ሱልጣን ክፉ ሰው ነው ለማለት ይከብዳል። ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ እጁ አይሰስትም፣ ሠራተኛውን አያስርብም። ግን አፉ! መኪና ውስጥ ሲገባ የኋላ ወንበር አይቀመጥም፤ ከሹፌሩ ጎን ነው። እጁ መሪ አይንካ እንጂ አፉ ከመሪ ላይ ወርዶ አያውቅም። ፍጠን፣ ቀስ በል፣ እለፈው፣ ጡሩንባ ንፋበት፣ እዚህ አቁም፣ ለምን አቆምክ። ለዚህ ሁሉ የሙሐረም መልስ አንዲት ቃል ናት፦ «ሐዲር»። እሺ ጌታዬ እንደማለት ነው። እዚህ አገር ሐበሻ መጀመሪያ የሚማራት የዐረብኛ ቃል ናት፤ ከጊዜ በኋላ ምላስ ራሷ ታወጣታለች፣ ጭንቅላት ሳይጠየቅ። ሙሐረም ሐዲር ይልና የሚያውቀውን ይነዳል። አሥር ዓመት እንዲህ ነው የተቻቻሉት።

ሐሙስ ጠዋት አቡ ሱልጣን አል-ኹባ ሄዶ የሚያየው ሙክት አለ ተባለና ተነሡ። ሻጩ ሦስት ጊዜ ደውሏል፤ ሌላ ገዢ ቆሟል፣ ቶሎ ና ይላል። አቡ ሱልጣን ገና ከቤት ሲወጣ ተቆጥቶ ነበር የወጣው።

መንገዱ ላይ የማንጎው ደዋር አለ። መሃሉ ላይ አንድ ክፍል ቤት የሚያህል፣ ቢጫና ቀይ የተቀባ የሲሚንቶ ማንጎ ቆሟል። ወደ ደዋሩ የሚያስገባው መንገድ ሁለት መስመር ነው። ቀጥታ የነዳጅ ማደያው ያለበት መንገድ ነው፤ ወደ ግራ የአል-ኹባ መንገድ ነው። የዚያን ዕለት ሐሙስ ገበያ ነበርና ሕዝቡ ሁሉ ወደ ግራ ነው፤ በግራው መስመር ስምንት መኪና ያህል ተሰልፏል። የቀኙ ባዶ ነበር። ሙሐረም የላንድክሩዘሩን የግራ ፍሬቻ አብርቶ ከሰልፉ ኋላ ቆመ።

«ያሚን!» አለ አቡ ሱልጣን፣ በእጁ ወደ ቀኝ እየጠቆመ። «ያሚን ግባ!»

«ዓሚ» አለው፣ አጎቴ እንደማለት፣ «የምንሄደው ወደ ግራ ነው። የግራ መስመሩ ይሄ ነው።»

«ቀኙ ባዶ መሆኑ አይታይህም? በቀኝ ግባና ዙር። ይቺን መኪና ማን ይነካታል?»

«በቀኝ ገብቶ ወደ ግራ መዞር ክልክል ነው ዓሚ። ከውስጥ የሚወጣ ሰው ይመታናል።»

«አንተ ነህ ያገሬን መንገድ የምታስተምረኝ? ሰውዬው በጉን ሊሸጥብኝ ነው! ያሚን አልኩህ! ያላ!» አለና የዳሽቦርዱን ሰሌዳ በመዳፉ ደበደበው።

ስልኩ በዚያው ቅጽበት ጮኸ፤ ያው በግ ሻጩ ነው። ከኋላ የቆመው መኪና ጡሩንባ ነፋ። የሙሐረም ምላስም የለመደችውን አወጣች። «ሐዲር።»

ሁልጊዜ ሐዲር ብሎ የሚያውቀውን ይነዳ የነበረ ሰው፣ በዚህች ዕለት ግን እጁ ምላሱን ተከተለ። መሪው ወደ ቀኝ ዞረ። ባዶውን መስመር ይዞ ገባ፣ የቀጥታውን መውጫ ሊያልፍ፣ ጠርዝ ጠርዙን። ልክ እንደ ኮምቦልቻው ባጃጅ። ስህተቱን ያወቀው ከግጭቱ በፊት ነው፤ ይሄ ነው በኋላ ሲያቃጥለው የኖረው። እያወቀ ነበር።

ከውስጠኛው መስመር አንድ ነጭ ፒካፕ ቀጥ ብሎ ሊወጣ መጣ። ፍሬቻውን አሳይቷል፣ ፍጥነቱን ቀንሷል፣ የሚገባውን ሁሉ አድርጓል። ሙሐረም ፍሬን ረገጠ። ፒካፑም ረገጠ። የፒካፑ የቀኝ አፍንጫ የላንድክሩዘሩን የግራ የኋላ በር መታው፣ ድምፁ ጓ! አለ፣ ከፒካፑ ጭነት ላይ አራት እስር ሣር ተንሸራቶ አስፋልቱ ላይ ተበተነ። ደም የወጣው ሰው የለም፣ አልሐምዱ ሊላህ። የተጎዳው ቆርቆሮ ነው።

የፒካፑ በር ተከፈተና ሹፌሩ ወረደ። ሞላልኝ ነው።

ሁለቱ ተያዩ። ሞላልኝ አልጮኸም፣ አልተሳደበም። መጀመሪያ ላንድክሩዘሩን አየ፣ ከዚያ የመጣበትን መስመር አየ፣ ከዚያ ወደ አል-ኹባ የሚወስደውን መውጫ አየ። ቆርኪ ሲያንቀሳቅስ የነበረ ዓይን ነውና ወዲያው ገባው።

«ጋሼ ሙሐረም?» አለ ቀስ ብሎ። «ከቀኝ ገብተው ነው የዞሩት? እርስዎ?»

ሙሐረምን በቦክስ ቢመታው ይሻለው ነበር።

መኪኖቹን መንገድ እንዳይዘጉ ወደ ማደያው አስጠጓቸውና የአደጋ መርማሪ እስኪመጣ ጠበቁ። ሙቀቱ ገና በአራት ሰዓቱ ያንገበግባል። ሞላልኝ ሣሩን እየሰበሰበ ወደ ፒካፑ ይመልሳል። አቡ ሱልጣን ሙሐረምን በክንዱ ይዞ ወደ ጥላው ወሰደው፤ አሁን ድምፁ ለስልሷል።

«ስማኝ ያ ሙሐረም። ቀላል ነው። እኛ ወደ አል-ኹባ አልነበርንም። ቀጥ ብለን ወደዚህ ማደያ፣ ነዳጅ ልንቀዳ ነበር። በመስመራችን ቀጥ ብለን ስንወጣ ያኛው ከውስጥ መጥቶ ገባብን። ይሄው ማደያውም ላይ ቆመናል። ማን ያስተባብለናል?»

ሙሐረም ሣሩን የሚሰበስበውን ሞላልኝን አየ።

«ጥፋቱ በእሱ ይጻፋል። የእሱ ከፊል ይወቀው። አንተ ወረቀትህ ንጹሕ ይሆናል፣ እኔ እሑድ እፈርማለሁ፣ አንተም ሚስትህን ይዘህ ጂዛን ከተማ ትገባለህ። ሌላ ነገር ከተናገርክ ግን» አለና ጣቱን አነሣ፣ «ጥፋቱ በአንተ ይጻፋል፣ እኔም አልፈርምም። ሁለቱንም ታጣለህ።»

ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው ይህን የሚናገረው። ከሩብ ሰዓት በፊት ዳሽቦርድ እየደበደበ ያሚን ያለ ሰው! ጅራፍ ራሷ ገርፋ ራሷ ትጮኻለች የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ነገሩ ይበልጥ የሚያናድደው ደግሞ ውሸቱ የሚያስኬድ ውሸት መሆኑ ነው። የግጭቱ ቦታ የቀጥታው መውጫ አፍ ላይ ነው። ሙሐረም ቀጥ ሊል ነበር ከተባለ ጥፋቱ የሞላልኝ ነው፣ ወደ ግራ ሊዞር ነበር ከተባለ የሙሐረም ነው። ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው ሙሐረም መውጫዬ ወዴት ነበር በሚለው አንድ ቃል ላይ ነው።

ስልኩ ኪሱ ውስጥ ተርገበገበ። አውጥቶ አየው፤ ከዝናሽ ፎቶ ነው። ልብስ ማስጫ ገመድ ላይ የሰቀለችው መጋረጃ፣ አረንጓዴ በነጭ አበባ። ሥሩ ላይ «ስንዝርህ ትልቅ ነው ወይስ ትንሽ? ጨርቁ እንዳያጥር ፈርቻለሁ» የሚል ጽፋለች። ሙሐረም ስልኩን መልሶ ኪሱ ከተተና ማደያው ግድግዳ ላይ ተደገፈ። ላም እሳት ወለደች፣ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። እንዲህ ያለው ቀን ነው የገጠመው።

ሞላልኝ ሣሩን ጭኖ ጨርሶ ውኃ ይዞለት መጣ። «ይጠጡ ጋሼ፣ ፊትዎ ጠቁሯል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከፊሌ ስደውልለት ጥፋቱ የአንተ ከሆነ ነገውኑ ሻንጣህን አሲዤ ወደ አገርህ ነው የምልክህ ብሎኛል። እኔ ግን አልፈራሁም፤ መምህሬ ነው የገጨኝ አልኩት። የሆነውን ይናገራል አልኩት» አለ። ይህን ያለው ለመለማመጥ አልነበረም። የምሩን ነው፤ ያመነበትን ነው።

መርማሪው ወጣት ዐረብ ነው፤ ታብሌት ይዞ፣ የደከመው የሚመስል፣ ግን ጨዋ። ፎቶ አነሣ፣ የሁለቱንም ሩኽሳ ተቀበለ፣ ታብሌቱ ላይ የደዋሩን ንድፍ ከፈተ። ክብ፣ አራት መንገድ፣ ሁለት መስመር። የሙሐረም የድስት ክዳን ራሱ።

«ላንድክሩዘሩ ወዴት ይሄድ ነበር?» ሲል ጠየቀ።

«ቀጥታ!» አለ አቡ ሱልጣን ቀድሞ። «እዚህ ማደያ ልንቀዳ ነበር። በመስመራችን ስንወጣ ነው ይሄ...»

«አጎቴ፣ ይቅርታ። የጠየቅኩት ሹፌሩን ነው።» ወደ ሙሐረም ዞረ። «መውጫህ ወዴት ነበር?»

አሥራ ሰባት ሰው ያስተማረባት ጥያቄ ናት። በየዓርቡ ረይሃና ከማዕድ ቤት የምትጮኻት ጥያቄ። ሙሐረም ሞላልኝን አላየም፤ አቡ ሱልጣንንም አላየም። ንድፉን ነው ያየው። ያ ውሸት በዚህ ንድፍ ላይ ሲሳል ታየው፤ በትክክለኛው መስመር የመጣው ቆርኪ ጥፋተኛ ተብሎ።

«ወደ ግራ» አለ። «ወደ አል-ኹባ ነበርን።»

«በየትኛው መስመር ገባህ?»

«በቀኝ።»

መርማሪው ቀና ብሎ አየው። «በቀኝ ገብተህ ወደ ግራ? ሩኽሳህ የአሥር ዓመት ነው፣ አንድ ጥፋት የለበትም። ይሄ እንደማይቻል አታውቅም?»

«ከማንም በላይ አውቃለሁ» አለ ሙሐረም። «በግራው ሰልፍ ላይ ነበርኩ። አይቻልም ብዬዋለሁ። እሱ ነው ያሚን ብሎ ያዘዘኝ። ሁለት ጊዜ ነገርኩት፣ ሦስት ጊዜ አዘዘኝ። ይጻፍልኝ! እሱ አዞኝ ነው ብለህ ጻፍልኝ!»

አቡ ሱልጣን እጁን እያወናጨፈ መጮኽ ጀመረ። መርማሪው እጁን አንሥቶ ዝም አሰኘው። ከዚያ ሙሐረምን እንደ መራራት ብሎ አየው።

«ወንድሜ፣ መሪው በማን እጅ ነበር?»

ሙሐረም ሁለት እጁን አየ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያንገበግበው። ያዘዘው አፍ ፎርሙ ላይ ቦታ የለውም፤ ለእጅ ግን ሰፊ ቦታ አለ። አሥር ዓመት ሙሉ በየመንገዱ ያዘዘ ሰው አንድ መስመር አይጻፍበትም፣ አንድ ጊዜ የታዘዘው ሰው ስም ግን ከነመታወቂያ ቁጥሩ ይሰፍራል። ሙሐረምም ቢሆን ንጹሕ አይደለም፤ እያወቀ ገብቷል፣ ይህንንም አልካደም። ግን ስንቱ ነው በዚህ አገር በሌላ ሰው አፍ የተነዳ፣ በራሱ ስም የተጻፈበት?

ተጻፈ። መቶ በመቶ ጥፋት፣ የላንድክሩዘሩ ሹፌር። ሞላልኝ ወረቀቱን ተቀብሎ የሙሐረምን እጅ ሊስም ጎንበስ አለ፤ ሙሐረም እጁን ነጠቀውና «ሂድ፣ ሣርህ ይደርቃል» አለው።

«እሑድን እርሳው» አለ አቡ ሱልጣን ከኋላው። «በሰው ፊት አሳፈርከኝ።»

ሙሐረም ከማደያው ጀርባ ሄዶ ወደ አድ-ዳኢር ደወለ። አንድ በአንድ ነገራት። ዝናሽ ሳታቋርጠው ሰማችው።

«በቀኝ ነው የገባኸው?» አለች በመጨረሻ።

«አዎ።»

«አንተ! በስልክ እንኳ ስለ ደዋር ስታስተምረኝ የምታመሸው ሰውዬ!»

«አዘዘኝ ዝናሽ።»

«አዘዘኝ!» ድምጿ ከፍ አለ። «እኔ አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ አድርግ፣ ይህን ተው ስልህ አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ሰምተኸኝ ታውቃለህ? በሬ ነህ፣ ትከራከረኛለህ! ለእሱ ሲሆን ነው ሐዲር የምትለው? ለሰው በግ ብለህ ነው ቤቴን የምታፈርስብኝ?»

ከዚያ አለቀሰች። እሱም ስልኩን ጆሮው ላይ ይዞ ማደያው ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የዘይት ማስታወቂያ እያየ ቆመ።

«ልጁንስ?» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች። «ሞላልኝን ግን አላስበላኸውም አይደል?»

«አላስበላሁትም።»

«እሱን ደግ አደረግክ።» ተነፈሰች። «መጋረጃውን አጣጥፌ አስቀምጠዋለሁ፤ ጨርቅ አይበላሽም። ግን ሙሐረም፣ ሁለተኛ እያወቅክ፣ ሰው ቀኝ ስላለህ ብቻ ቀኝ መግባትህን እንዳልሰማ። ያን ቀን ነው የምፈታህ።»

ሲመለስ አቡ ሱልጣን መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ጠበቀው። የኋላው በር አልዘጋ ስላለ በገመድ አስረውታል። በጉ ለሌላ ተሸጧል። አሁን ወደ ሰናዒያው፣ ጋራዦቹ ወዳሉበት ሰፈር መሄድ ነው፤ ከማደያው ወደ ደዋሩ ተመልሶ ወደ ግራ ነው። አቡ ሱልጣን መንገዱን ሁሉ ሲሳደብ ሄደ፤ ያጎረሰ እጅ ተነከሰ፣ ሐበሻ አይታመንም፣ ይሄ ሁሉ ጥጋብ ነው።

ደዋሩ አፍ ሲደርሱ በግራው መስመር አሁንም አምስት መኪና ተሰልፏል። የቀኙ ባዶ ነው።

«ያሚን» አለ አቡ ሱልጣን። «ቀኙ ባዶ ነው። ያሚን ግባ!»

ሙሐረም ዞሮ አየው። ሰውዬው የምሩን ነው። ከኋላቸው የታሰረው በር እየተንቋቋ፣ የጥፋቱ ወረቀት ዳሽቦርዱ ላይ ተቀምጦ፣ ያሚን! ሐዲር የምትለዋ ቃል እንደ ልማዷ እስከ ጥርሱ መጣች። ሙሐረም ዋጣት።

ተራውን ጠብቆ በግራው፣ በውስጠኛው መስመር ገባ።

«እኮ ያሚን አላልኩም? አትሰማም?» አለ አቡ ሱልጣን። የሰናዒያው መውጫ ደረሰ። «እሺ ውጣ! እዚህ ጋ ነው!»

ሙሐረም አልወጣም። ማንጎውን ታክኮ ዞረ።

«ምን እየሠራህ ነው?»

ሁለተኛ ዞረ። የሰናዒያው መውጫ መጣ፣ አለፈ። የውስጠኛው መስመር ጥሩነቱ ይሄ ነው፤ ሰው ሳይነካህ፣ ሰው ሳትነካ፣ የፈለግኸውን ያህል ትዞራለህ። አቡ ሱልጣን ጮኸ፣ ዳሽቦርድ ደበደበ፣ ፖሊስ እጠራለሁ አለ። ሙሐረም ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ፣ ፍጥነቱን ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ ሦስተኛ ዞረ።

«ዓሚ» አለ በመጨረሻ፣ በረጋ ድምፅ። «ያ ወረቀት ላይ ስም አለ፤ ያንብቡት። ሙሐረም ነው የሚለው። የእርስዎ ስም የለም። ጥፋቱ የእኔ ነው ተብሎ ተጽፏል። ጥፋቱ የእኔ ከሆነ መስመሩም የእኔ ነው። እርስዎ መውጫውን ብቻ ይንገሩኝ።»

አቡ ሱልጣን ወረቀቱን አየ። ማንጎው ለአራተኛ ጊዜ በመስኮቱ በኩል ሲያልፍ አየ። የበሩ ገመድ ሲንቋቋ ይሰማል። ብዙ ነገር ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር፤ ዘጋው።

«ወደ ሰናዒያው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «በምታውቀው ውጣ።»

ያን ጊዜ ሙሐረም በመስታወቱ ከጎኑ የሚመጣ አለመኖሩን አይቶ የቀኝ ፍሬቻውን አበራና ወጣ።